አሮጌውን ሙስሐፍ ከመጠገናችን በፊት



ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር አለ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ሙስሐፍ። አንዳንዱ ከመዳፍ ያንሳል። ጫፉ ተበልቷል፣ ስፌቱ ተፈቷል። "የተማረው ልጅ መጣ፣ እስቲ አስተካክለው" ሲባል እጃችን ወደ ፕላስተርና ኮላ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት በቅን ልብ የተደረገ ጥገና ያጠፋው ቅርስ ጥቂት አይደለም።

ትንንሽ ሙስሐፎች

ሙስሊሞች ቁርኣንን በትንሹ መጻፍ የጀመሩት ጥንት ነው። በዐረብኛ የአጻጻፍ ጥበብ "ጉባር" (አቧራ) የሚባል ደቃቅ ጽሕፈት አለ፤ በእርግብ ለሚላክ መልእክትና ለትንንሽ ሙስሐፎች ያገለግል ነበር። ዑስማኒዮች ስምንት ማዕዘን ያላቸውን ሙስሐፎች ከጦር ሰንደቅ ጋር ያስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ደግሞ ግላስጎው ውስጥ ዴቪድ ብራይስ የተባለ አሳታሚ፣ ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሙሉ ቁርኣን አሳተመ። ማጉያ መነጽር ካለው የብረት ማኅደር ጋር ነበር የሚሸጠው።

ለምን ቶሎ ይጎዳሉ?

ትንሽ ዕቃ ላይ ትንሽ ጉዳት የለም። በትልቅ ገጽ ላይ ኅዳግ ብቻ የሚነካ የብል ቀዳዳ፣ በትንሽ ገጽ ላይ ሙሉ ቃል ይበላል። በዚያ ላይ ወረቀት፣ ቆዳ፣ ክርና ብረት አንድ ላይ ናቸው። ርጥበት ሲለዋወጥ ቆዳው ይኮማተራል፣ ወረቀቱ ይለጠጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፤ አንዱ ሌላውን ይጎዳል።

ቀለሙንም እናስብ። መድረሳ ሎህ ላይ የጻፍንበት የጥላሸት ቀለም በውሃ እንደሚታጠብ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የእጅ ጽሑፎችም የተጻፉት በጥላሸት ቀለም ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ማለት ጽሑፉን መጥረግ ሊሆን ይችላል።

ሙያው ምን ያስተምራል?

የቅርስ ጥበቃ ሥልጠና መጀመሪያ የሚያስተምረው መታገስን ነው። ዋናው ደንብ የምንሠራው ሁሉ ሌላ ባለሙያ ነገ ሊያነሣው የሚችል ይሁን የሚል ነው። ፕላስተር ይህን አያሟላም፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ስስና ጠንካራ የጃፓን ወረቀት እንዲሁም ከስንዴ ስታርች የተሠራ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በጥቂት ርጥበት ይላቀቃል።

አያያዙም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለወረቀት ዛሬ ብዙ ሙዚየሞች ከጨርቅ ጓንት ይልቅ ንጹሕና ደረቅ እጅን ይመርጣሉ፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ ገጽ ያስቀድዳል። እኛም ውዱእ አድርገን እጃችንን በደንብ ካደረቅን ሁለቱንም አደብ ጠበቅን ማለት ነው።

በአረፋ ምን እናድርግ?

• በስልክ ፎቶ እናንሣ፤ በተለይ የመጨረሻውን ገጽና ኅዳጎቹን። የጸሐፊው ስም፣ ዘመኑና የወቅፍ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።
• አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ እናራግፍ።
• ከምድጃ ጭስ፣ ከፀሐይና ከርጥብ ግድግዳ እናርቀው። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ እናስተኛው።
• የተነጠሉ ገጾችን በቅደም ተከተላቸው በአንድ ፖስታ እናኑር፤ አንለጥፍ።
• ያረጀ ሙስሐፍ ስለሚቀበርበት ወይም ስለሚቃጠልበት ሁኔታ ዑለማዎች ተናግረዋል። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት ለኡስታዝም ለቅርስ ባለሙያም እናሳይ።

ሙያውን መማር ለሚፈልግ አርዓያ አለ። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የእጅ ጽሑፎችን ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል፤ መጻሕፍቱንም በእጃቸው ይጠግናሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ስብስብ አለው። በእኛ አካባቢ ደግሞ እንደ አብሬትና ዘቢ ሞላ ያሉ የዲን ማዕከላት የኪታብ ቅርስ አላቸው። ኬሚስትሪ፣ ታሪክ ወይም ዐረብኛ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ቅርስ የእናንተን እጅ ይፈልጋል።

ሙስሐፉ ከአያቶቻችን የተረከብነው አማና ነው። አላህ ጠብቀን የምናስተላልፍ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።