ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ በሲኒማ ሲታይ

«ፊልሙን ስላየሁት መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልገኝም» የሚል ቃል በጓደኞቻችን ዘንድ አዘውትሮ ይሰማል። ይልቁንም ታሪኩ የነፍሰ ገዳይ ወይም የሰላይ ታሪክ ሲሆን፥ መጨረሻው ከታወቀ ዘንድ ለመጽሐፉ ምን ቀረለት ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፍ አንባቢውን የሚያስጨንቅበትና ሲኒማ ተመልካቹን የሚያስጨንቅበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፥ አንዱን ያየ ሰው ሌላውንም አገኘ ማለት አይቻልም። ይህንን በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ፍሬድሪክ ፎርሳይት በ1971 «የቀበሮው ቀን» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎልን በ1963 ለመግደል ስለ ተቀጠረ፥ «ቀበሮ» በሚል የምስጢር ስም ስለሚጠራ ሰው ነው። ደጎል በ1966 አዲስ አበባን የጎበኙ፥ በፒያሳም አደባባይ የተሰየመላቸው ሰው ስለሆኑ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደሉም። በ1970 በቤታቸው ማረፋቸውን ዓለም ያውቃል፤ ስለዚህ ነፍሰ ገዳዩ እንደማይሳካለት አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተረድቶታል። ታዲያ የሚያስጨንቀው ምኑ ነው? የሚያስጨንቀው የሥራው አካሄድ ነው። ሰውየው በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ፈልጎ በዚያ ስም ፓስፖርት ሲያወጣ፥ በክራንች ውስጥ የሚደበቅ ጠመንጃ ሲያሠራ፥ ደራሲው አንድም ደረጃ ሳይዘል ይተርካል። ፎርሳይት አስቀድሞ በፓሪስ ጋዜጠኛ ሆኖ ይሠራ ስለ ነበረ፥ ልብ ወለዱ በእውነት የተፈጸመ ወሬ ይመስላል።

በ1973 ፍሬድ ዚነማን ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲመልሰው ከባድ ሥራ ነበረበት፤ ረጅም ማብራሪያ በካሜራ ፊት አይነበብምና። እርሱ ግን ማብራሪያውን በእጅ ሥራ ተካው። ነፍሰ ገዳዩ ሰው በሌለበት ቦታ ሐብሐብ በዛፍ ላይ ያንጠለጥልና ይተኩሳል፤ ጠመንጃውን ያስተካክላል፤ ደግሞ ይተኩሳል። በመጨረሻ በሚፈነዳ ጥይት ሲመታው ሐብሐቡ ብትንትን ይላል። ያ ሐብሐብ የማን ራስ እንደሆነ ለተመልካቹ የሚነግረው ሰው የለም፤ አያስፈልግምም። ተዋናዩ ኤድዋርድ ፎክስም በዚያን ጊዜ ስሙ እምብዛም የገነነ አልነበረም። ይህም ብልኅነት ነው፤ ሁሉ የሚያውቀው ፊት ያለው ሰው ተሰውሮ ድንበር ተሻገረ ቢባል ማን ያምናል?

በፊልሙ የጎደለው ምክንያቱ ነው። የአልጄሪያ ነጻነት አንዳንድ የፈረንሳይ መኮንኖችን በገዛ ፕሬዚዳንታቸው ላይ ለምን እንዳስነሣ መጽሐፉ በሰፊው ሲያስረዳ፥ ፊልሙ ቶሎ ያልፈዋል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ክፍል ይሰለቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ያለዚህ ክፍል አሤረኞቹ ተራ ወንበዴዎች ሆነው ይቀራሉ።

የተገላቢጦሽም አለ። ፒተር ቤንችሊ በ1974 ሻርክ ስለሚባለው ሰው በላ ዓሣ «ጆውስ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ፊልሙን ሲያዘጋጅ፥ በመጽሐፉ ውስጥ የነበረውን የፖሊስ አዛዡን ሚስት የክህደት ታሪክ ቆርጦ ጣለው። በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሰው ሠራሽ ሻርክም በባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፥ ዓሣው ለብዙ ጊዜ ሳይታይ መምጣቱ በሙዚቃ ብቻ እንዲታወቅ ሆነ። እዚህስ ፊልሙ ከመጽሐፉ ይበልጣል ብል የሚቈጣኝ ብዙ ሰው አይኖርም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ምስጢሩ በቃል የተሸፈነ መጽሐፍ ነው። ሮበርት ብሎክ በ1959 ባሳተመው «ሳይኮ» መጀመሪያ ላይ፥ በመንገድ ዳር አነስተኛ ሆቴል ያለው ኖርማን ከእናቱ ጋር ሲነጋገር እናገኘዋለን። በወረቀት ላይ የተናጋሪ ፊት አይታይም። አልፍሬድ ሒችኮክ በ1960 ፊልሙን ሲሠራ ግን ካሜራው ፊት ካሳየ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ስለዚህ የእናቲቱን ጥላና ድምፅ ብቻ ከሩቅ አቀረበ፤ ታሪኩንም ከኖርማን ሳይሆን ገንዘብ ሰርቃ ከምትሸሽ ሴት ጀመረ። በመጽሐፉ ወፍራምና ጠጪ ጎልማሳ የነበረውን ኖርማንንም ተመልካች እንዲያዝንለት ቀጭንና ዐይን አፋር ወጣት አደረገው። የቀረውን ላላዩት ስል አልናገርም። ሒችኮክ ራሱ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ይጠይቅ ነበር፤ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ አስቀድሞ የሚገልጥ አንባቢን ግን የሚከለክል ዘበኛ የለም።