መግቢያው በነፃ፣ ሂሳቡ ግን በማን?

በምዕራብ ለንደን ኖቲንግ ሂል በተባለው ሰፈር፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የአናጢ ሥራ ይደራል። በፖርቶቤሎ መንገድና በአካባቢው ያሉ ብዙ ባለሱቆች መስኮትና በራቸውን በጣውላ ያስመታሉ። ከጣውላው ፊት ለፊት ደግሞ ሌላው ነጋዴ ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፤ በቅመምና በሚያቃጥል ቃሪያ ተለውሶ ያደረውን ዶሮ ይጠብሳል። ለአንዱ ሱቅ የሚዘጋበት ሰሞን ለሌላው የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው።

ሰበቡ የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ነው። የካሪቢያን ተወላጆችን ባህል የሚያሳየው ይህ የጎዳና በዓል በፈረንጆቹ ኦገስት መጨረሻ እሑድና ሰኞ ይውላል። እሑድ የሕፃናትና የቤተሰብ፣ ሰኞ የአዋቂዎች ዋና ቀን ነው። በሁለቱ ቀናት እስከ 2 ሚሊዮን ሰው እንደሚጎርፍ ይገመታል። በር የለው፣ ትኬት ቆራጭ የለው። ታዲያ በነፃ የሚታይ በዓል ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

መልሱን ለማግኘት ወደ አጀማመሩ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የሰፈሩ ነጭ ወጣቶች ከካሪቢያን በመጡ ስደተኞች ላይ ጥቃት ከፈቱ፤ ረብሻውም ለቀናት ዘለቀ። የትሪኒዳድ ተወላጅዋ ጋዜጠኛ ክላውዲያ ጆንስ በጃንዋሪ 1959 በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች። በዝግጅቱ ላይ ከተሸጠው መጽሔት ገቢ ከፊሉ በረብሻው ፍርድ ቤት ለተቀጡ ወጣቶች መቀጮ መክፈያ እንዲውል ተመደበ። ጭፈራውና ሂሳቡ ገና ከጅምሩ አብረው የተወለዱ ናቸው።

በዓሉ ወደ ጎዳና የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የሰፈሩ ነዋሪ ራውን ላስሌት ባዘጋጀችው የልጆች በዓል ላይ ራስል ሄንደርሰንና ጓደኞቹ ከነዳጅ በርሜል ተቀጥቅጦ የሚሠራውን የትሪኒዳድ ስቲል ፓን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እየመቱ መንገድ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። የገበያውን መልክ የለወጠው ግን ሌስሊ ፓልመር ነው። ከ1973 ጀምሮ ስፖንሰር አፈላለገ፤ የመሸጫ ቦታ በኪራይ እንዲያዝ አደረገ፤ ግዙፍ የድምፅ ማጉያ የሚደረድሩትን የሬጌ ሙዚቃ ቡድኖችም ጋበዘ።

ዛሬ ገቢው ቀላል አይደለም። የለንደን ልማት ኤጀንሲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባስጠናው ጥናት ካርኒቫሉ 93 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለኢኮኖሚው እንደሚያስገኝና 3 ሺህ ያህል ሥራ እንደሚደግፍ ተገምቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ ወደ 400 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። ሆቴሉ፣ ባቡሩ፣ ቢራ ጠማቂው ሁሉም ድርሻ አለው። መፀዳጃ ቤታቸውን ለተቸገረ እንግዳ በክፍያ የሚከፍቱ ነዋሪዎችም አልጠፉም።

አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው ግን ይህ ገንዘብ አብዛኛው በበዓሉ አዘጋጆች እጅ እንደማያልፍ ነው። ላባና ጨርቅ እየሰፉ ወራት የሚያሳልፉት የአልባሳት ቡድኖች ወጪያቸውን ለመሸፈን የሚሞክሩት ልብሱን ለጨፋሪው በመሸጥና በድጎማ ነው። ስቲል ፓን የሚመቱት ወጣቶች ለልምምድ የሚሰጡት ጊዜ የሚከፍልላቸው የለም። ድምቀቱ የእነርሱ ነው፤ ትርፉ ግን መንገድ ላይ ይበተናል።

ወጪው በአንፃሩ አይበተንም። በየዓመቱ 7 ሺህ ያህል የፖሊስ ኃይል ይሰማራል፤ ለዚህም የሚወጣው ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በበዓሉ ሰሞን በደረሱ ጥቃቶች ሁለት ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ፖሊስ ይበልጥ የሚፈራው ግን በጠባብ መንገዶች ሕዝብ ተጨናንቆ እንዳይረጋገጥ ነው። በ2025 የካርኒቫሉ ሊቀመንበር ለጥንቃቄ የሚውል አስቸኳይ ገንዘብ ካልተገኘ የበዓሉ የወደፊት ዕጣ አደጋ ላይ መሆኑን ለመንግሥት ጽፈው ነበር። በመጨረሻ የለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ሁለቱ የአካባቢው ምክር ቤቶች ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አዋጥተው በዓሉ ተካሄደ።

“ወደ ሃይድ ፓርክ ይዛወር” የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ተነስቷል። በአጥር የተከለለ መናፈሻ ለጥበቃ ይመቻል፤ ትኬት ለመቁረጥም ይመቻል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጎዳናው ራሱ በዓሉ ነው ይላሉ። ምክንያት አላቸው። በ1950ዎቹ ለስደተኛ ቤት የሚያከራይ ሲጠፋ፣ በዚህ ሰፈር የፈራረሱ ክፍሎች በውድ ዋጋ ይከራዩ ነበር። ዛሬ እነዚያው ቤቶች ታድሰው በሚሊዮን ፓውንድ ይሸጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙዎቹ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ሊገዙት በማይችሉት ጎዳና በዓመት ሁለት ቀን ባለቤት ሆነው ይውላሉ።

የእኛው ቀለማትም ከዚህ ገበያ አልጠፉም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባርኔጣና ሻሽ በየመንገዱ ይታያል። ቀለማቱን ያስተዋወቁት ራስ ተፈሪያን ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን የጎበኙት በኤፕሪል 1966፣ ማለትም ካርኒቫሉ ጎዳና በወጣበት በዚያው ዓመት ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ጠራጊዎች ይሰማራሉ። ጣውላው ይነቀላል፤ ከሰሉ ይጠፋል። ዶሮ ጠባሹ ትርፍና ኪሳራውን እዚያው ይቆጥራል። የካርኒቫሉ ሂሳብ ግን እንዳልተዘጋ ለከርሞ ይተላለፋል።