ምስጥም በኩይሳው ውስጥ እርሻ አለው

በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ የገበሬውና የምስጥ ትግል የብዙ ዘመን መሆኑ ይታወቃል። ምስጥ የቤቱን ምሰሶ ይቦረቡራል፤ የጎተራውን እግር ይበላል፤ ሊሰበሰብ የተቃረበውን በቆሎ ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል። ይሁን እንጂ ይህ ተባይ ራሱም ገበሬ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ኩይሳ ሠሪው ትልቁ ምስጥ ደረቅ ሣር፣ ገለባና እንጨት ይሰበስባል እንጂ ብቻውን ሊፈጨው አይችልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ምስጦች ያኘኩትንና የዋጡትን መልሰው በኩስ መልክ እያወጡ የማር እንጀራ የመሰለ መደብ ይሠሩበታል። በመደቡ ላይ እንጉዳይ ያለማሉ። እንጉዳዩ ጠንካራውን አገዳና እንጨት አብላልቶ ሲያለሰልሰው፣ ምስጦቹ መደቡንና በላዩ የሚወጡትን ነጫጭ እንክብሎች ይመገባሉ። ኩይሳውም የእርሻውን ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠብቃል። በዝናብ ወራት ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውና በብዙ ቦታ ለምግብ የሚለቀመው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ውጤት ነው።

እንግዲህ ምስጥ እርሻውን ለማቆየት የግድ ደረቅ ዕፅዋት ማግኘት አለበት። ደኑ ተመንጥሮ፣ ግጦሹ ከመጠን በላይ ተግጦ መሬቱ ሲራቆት፣ ፊቱን ወደ ማሳውና ወደ ቤቱ ያዞራል።

ቀደም ሲል በየኩይሳው አልድሪን የተባለ መርዝ ይጨመር ነበር። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ይህን መርዝ ከሚወገዱት ኬሚካሎች መካከል መድቦታል። ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣትም ሁልጊዜ መንጋውን አያጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ንግሥት ትተካለች። ከዚህም በላይ ኩይሳ የማይቆልሉ ጥቃቅን ምስጦች ከማሳው ሥር ተሰውረው እንደዚሁ እንጉዳይ ያለማሉ። እነዚህን ኩይሳ በማፍረስ ማግኘት አይቻልም።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከኩይሳው ባሻገር መሬቱን መመልከት ይኖርባቸዋል። የተራቆተውን ግጦሽ ከልሎ ማሳረፍ፣ በባዶው ተዳፋት ላይ ዛፍ መትከል፣ ገለባና አገዳውን ጨርሶ ከማሳው አለማንሳት፣ የደረሰውንም በቆሎ መሬት ሳይወድቅ በወቅቱ መሰብሰብ ጉዳቱን ለመቀነስ ይረዳል። ምስጥ በዱሩ የሚያርስበትን ካገኘ፣ የገበሬው ማሳ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ይቀንሳል።