ሶፍትዌር በመስመር ብዛት አይመዘንም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ዳባት ወረዳ፣ ቤት ለቤት የሚካሄድ የሕዝብና የጤና ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ምዝገባውን የሚመራው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መረጃውን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባበት ሶፍትዌር «የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት» ይባላል። ፕሮግራሙ ግን ለዳባት ተብሎ የተጻፈ አይደለም። መነሻው ሰሜን ጋና፣ ናቭሮንጎ ነው።

ይህ ጉዳይ ሶፍትዌር ለሚያሠሩ ድርጅቶች ትምህርት አለው። የልደት፣ የሞትና የፍልሰት አመዘጋገብ በናቭሮንጎም በዳባትም ያው ነው። የሞተ ሰው ቀዬውን ለቀቀ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም። አዘጋጆቹ ይህን የማይለወጥ ሕግ በዋናው ክፍል አኖሩት፤ እያንዳንዱ ጥናት የራሱን ጥያቄ በላዩ ላይ እንዲጨምር አደረጉ። በዚህም አንድ ጊዜ የተለፋበት ሥራ ለሌላው አገር ተረፈ።

«ኦብጀክት ኦሪየንትድ» የተባለው የፕሮግራም አጻጻፍም ዓላማው ይኸው ነው። «ክላስ» የሚባለው ጥቅል መረጃውንና በመረጃው ላይ የሚሠሩትን ትእዛዞች አንድ ላይ ይይዛል። በደንብ ከተሠራ ከአንዱ ፕሮግራም ወጥቶ ሌላው ላይ ይገጠማል። ገዢው በደንብ መሠራቱን በምን ይለያል?

የቆየው መለኪያ የመስመር ብዛት ነው። ይሁንና በመስመር የሚከፈለው ባለሙያ፣ ያለውን ደግሞ ከመጠቀም ይልቅ አዲስ መጻፉ ያዋጣዋል። ቺዳምበርና ኬመረር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ስድስት ሌሎች መለኪያዎችን አቅርበዋል። ከነዚህ አንዱ ክላሱ በስንት ሌሎች ክላሶች ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆጥራል፤ ጥገኝነቱ ከበዛ ለብቻው ነቅሎ መውሰድ ያስቸግራል። ሌላው በውስጡ ያሉት ትእዛዞች አንድ ጉዳይ ላይ መሥራታቸውን ያያል። ሦስተኛው የውርሱን ጥልቀት ይለካል። ውርስ ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የትውልድ ሐረጉ ሲረዝም ከላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ እታች ያለውን ሊያናጋ ይችላል።

ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የት መመርመር እንደሚገባ ግን ይጠቁማል። ስለዚህ ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። ዋናው ኮድ ይሰጠኛል ወይ? ሁለተኛ ቅርንጫፍ ስከፍትስ ስንቱ ክላስ እንደገና ይጻፋል? መልሱ «አብዛኛው» ከሆነ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው።