መሥሪያ ቤት ባለበት ገበያ፤ ከአራዳ የሚገኝ ትምህርት

ነጋዴ ሱቅ ከመከራየቱ አስቀድሞ «ደንበኛዬ የሚመጣው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ በተለይ የወልቂጤንና የቡታጅራን ነጋዴዎች ይመለከታል፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ቡታጅራም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመበት በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። መሥሪያ ቤት ባለበት ባለጉዳይ አይጠፋም፤ ባለጉዳይም ይበላል፣ ያድራል፣ ይገዛል።

ነገር ግን መሥሪያ ቤትና ገበያ ለዘለዓለም ጎን ለጎን አይኖሩም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የአዲስ አበባው አራዳ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ ከመንግሥት ሥራ ጋር የተቈራኘ ነበር፤ ነጋድራሱ ቀረጥ ያስከፍል፣ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኝ ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይን ሥራ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ መስጠታቸው ይህንኑ ቅርበት ያስረዳል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን ግን ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን መሠረቱ። ገበያው ከጥንት ሥፍራው ቢነቀልም አልጠፋም፤ እንዲያውም ሰፋ። ብዙ የጉራጌ ነጋዴዎችም የታወቁት በዚያው በመርካቶ ነው። ምክንያቱም ገበያውን ያቆመው የዕቃው መግባትና መውጣት፣ የነጋዴውም መተማመን እንጂ የመሥሪያ ቤት ጉርብትና ብቻ አልነበረም። አራዳም ራሱ ፒያሳ ተብሎ ጠባዩን ለወጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ ቤቶቹ ፈረሱ።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ የሦስት ወር ሽያጩን በሁለት ዐምድ ይጻፍ፤ በአንዱ ከባለጉዳይ፣ በሁለተኛው ከገጠርና ከመንገደኛ የተገኘውን። ሁለተኛው ዐምድ ብቻውን ኪራዩን የማይሸፍን ከሆነ፣ የረጅም ጊዜ ውል ከመፈረም ይጠንቀቅ።

ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ናት፤ ቡታጅራም በሆሳዕና መንገድ ላይ ሆና የማረቆ በርበሬ በአቅራቢያዋ ይመረታል። ይህ ሀብት መሥሪያ ቤት ቢዛወርም አብሮ አይሄድም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለማሠራት መነሣታቸውም ገበያን የሚያጸናው ምን እንደሆነ አስቀድመው መረዳታቸውን ያመለክታል።