ዘገምተኛው ማሽን

«ሌላ ጉዳይ ጠፍቶ ነው ወይ ስለ ቪዲዮ ጌም የምትጽፈው?» የሚለኝ ወዳጅ እንደማላጣ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። ለንደን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር ስለዚህ ነገር፣ ያውም በአማርኛ፣ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ያነሳብኝ ጥያቄ ነው። ወደ ጥያቄው ከመድረሴ በፊት ግን አንባቢ ጨዋታውን ንቆ እንዳያልፈው፣ የዚህ አገር ፓርላማ ራሱ አንድ ቀን ስለዚሁ ጨዋታ ተከራክሮ ድምፅ እንደሰጠበት ላስታውስ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1981 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጆርጅ ፎልክስ የተባሉ ከስኮትላንድ የተመረጡ የሌበር ፓርቲ እንደራሴ፣ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታና መሰሎቹን የአካባቢ ምክር ቤቶች እንዲቆጣጠሩ የሚያስችል ረቂቅ ሕግ ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቁ። ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ ነው፣ ለማሽኑ የሚከቱትን ሳንቲም ለማግኘትም ወደ ስርቆት እየገቡ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ማይክል ብራውን የተባሉ የኮንሰርቫቲቭ እንደራሴ ተነስተው ተቃወሙ፤ እሳቸው ራሳቸው ወደ ምክር ቤቱ ከመምጣታቸው በፊት ተጫውተው እንደመጡም ሳያፍሩ ተናገሩ። ድምፅ ሲቆጠር 94 ደገፉ፣ 114 ተቃወሙ፤ ሐሳቡ ወደቀ። በሃያ ድምፅ ልዩነት ብቻ!

ለመሆኑ ይህን ያህል ያነጋገረው ጨዋታ ምንድን ነው? የሠሩት ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ናቸው፤ ዓመቱ 1978፣ ኩባንያው ታይቶ። ሥዕሉን ሣሉ፣ ፕሮግራሙን ጻፉ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፉበትን መሣሪያ እንኳ ራሳቸው ገጣጠሙ። ዛሬ በመቶ የሚቆጠር ሰው የሚሰማራበትን ሥራ ማለት ነው። በስክሪኑ ላይኛው በኩል አምስት ረድፍ በአሥራ አንድ፣ በጠቅላላው 55 ፍጥረቶች ተሰልፈው ግራና ቀኝ ይላሉ፤ ዳር በደረሱ ቁጥር አንድ እርከን ወደ ታች ይወርዳሉ። ከታች አንድ መድፍ አለ፣ ከፊቱም አራት ምሽጎች። ምሽጎቹን የጠላትም የራስህም ጥይት ይሸረሽራቸዋል። መድፉ የተኮሰው ጥይት አንድ ነገር ሳይመታ ወይም ከስክሪኑ ሳይወጣ ሌላ መተኮስ አይችልም፤ ስለዚህ መሳት ጊዜ ያስከፍላል። ወራሪዎቹ መሬት ከደረሱ አለቀ። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱን ጭፍራ ብትጨርስ ሌላው ይመጣል።

በቅንፍ ውስጥ ልትቀር የምትችል አንዲት ነገር ልጨምር። ሰው ላይ መተኮስ በኩባንያው ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ ኒሺካዶ ዒላማቸውን ከሕዋ አመጡት፤ ለመልኩም የኤች. ጂ. ዌልስ ልቦለድ ውስጥ ያሉትን ባለ ብዙ እጅ የማርስ ፍጥረቶች አሰቡ። እነዚያ ፍጥረቶች በልቦለዱ ውስጥ የሚያርፉት ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ዎኪንግ አጠገብ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሞተው የሚገኙትም ፕሪምሮዝ ሂል ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከምወጣበት ኮረብታ። ስለዚህ የቶኪዮው ጨዋታ ለለንደን ባዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር ኢንቴል 8080 ነው፤ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ምት የሚመታ። ጠቅላላው ፕሮግራም 8 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ፕሮሰሰሩ 55ቱን ሁሉ በአንድ እድሳት ሥሎ ለማድረስ አቅም ስለሌለው፣ በእያንዳንዱ እድሳት አንዱን ፍጥረት ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሂሳቡን እንሥራው። 55ቱም በሕይወት ካሉ ሰልፉ አንድ እርምጃ ለመራመድ 55 እድሳት ይፈጅበታል፤ ይህም አንድ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ጊዜ ነው። አሥር ሲቀሩ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። አንድ ብቻ ሲቀር ያ አንዱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይራመዳል። አንባቢ ልብ ይበል፣ «ሲያንሱ ፍጠኑ» ብሎ ያዘዛቸው ማንም የለም። ማሽኑ ሸክሙ ሲቀልለት ሮጠ፣ ይኸው ነው።

ኒሺካዶ ይህን ሲያዩ እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያርሙት ይችሉ ነበር። አላረሙትም። እንዲያውም የወራሪዎቹን የእግር ኮቴ የሚመስለውን ባለ አራት ድምፅ ምት ከዚያው ጋር አስኬዱት። ድምፁ ከሥዕሉ በተለየ በራሱ የመጣ አይደለም፤ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ታይቶ ምቱ የሚወሰንበት ሰንጠረዥ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ድንገት የተገኘውን ነገር አይተው ሆን ብለው ሌላ ነገር አያያዙበት ማለት ነው። ጠላት ባነሰ ቁጥር የሚያስፈራ ጨዋታ እንዲህ ተወለደ። የተጫዋቹ ልብ የሚመታው ከምቱ ጋር ነው።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2008 ታይቶ የጨዋታውን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ስፔስ ኢንቬደርስ ኤክስትሪም የተባለውን ተከታይ በኪስ ለሚያዙ የጨዋታ መሣሪያዎች አወጣ፤ በ2018 ደግሞ ለኮምፒውተር ቀረበ። ልጄ የተጫወተው ይህን ነው። ጥቁሩ ሰማይ በቀለም ተጥለቅልቋል። ወራሪዎቹ ያው የጥንቶቹ ናቸው፣ ቅርጻቸው አልተነካም፤ ነገር ግን ቀይና ሰማያዊ፣ አረንጓዴም ሆነዋል። አራት ባለ አንድ ቀለም በተከታታይ ከመታህ እንደ ቀለሙ ልዩ መሣሪያ ታገኛለህ። ምሽጎቹ የሉም። በዚያች ባለ አራት ድምፅ ኮቴ ፋንታ የዳንስ ቤት ሙዚቃ አለ፣ ስትተኩስና ስትመታ የሚወጣው ድምፅም ከሙዚቃው ጋር ይገጥማል። በ2009 ለአይፎን የወጣው ኢንፊኒቲ ጂን የተባለው ሌላው ተከታይ ከዚህም ይደፍራል፤ መጀመሪያ የ1978ቱን መስሎ ይከፈትና ወዲያው መድፉን ከመሬት ነቅሎ እንደ ልቡ እንዲበር ይለቀዋል።

እንደ መሐንዲስ ከሁለቱ የማደንቀው ኤክስትሪምን ነው። ሠሪዎቹ የጥንቱ ጨዋታ ልብ ምት መሆኑን ተረድተዋል፤ ምቱን ይዘው ሙዚቃ አደረጉት። የምሽጎቹ መቅረት ግን ይቆጨኛል። መጠለያህን በገዛ ጥይትህ እያፈረስክ የምትዋጋበት ጨዋታ ብዙ አይገኝም።

አንድ እሑድ ታዲያ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን ከፍቼ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ለልጄ ሳስረዳው (ተሰላችቶ ነበር፣ አልደብቅም) ድንገት አቋረጠኝ።

«አባዬ፣ የእኛ ኮምፒውተር እኮ ፈጣን ነው። 55 ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ታዲያ አዲሱ ላይ ቀስ ብለው የሚሄዱት ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ዛሬ 55 ቀርቶ 55 ሺህ ቢሆኑም ማሽኑ አይከብደውም። ተከታዩን የሚሠራ ሰው ያንን ዝግታ ከፈለገው ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ግድ ይሆንበታል። ፈጣኑን ማሽን «ጠብቅ» ብሎ ማዘዝ አለበት። ይህንኑ ነገርኩት።

«ስለዚህ ማስመሰል ነዋ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ይልቁንም አንድ የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሥራዬ ለማሽኖች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ቀጣሪዬ ያረጀ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በአዲስ እንድተካ ሰጠኝ። የድሮው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የውሃውን ከፍታ የሚያይ ዘገምተኛ ነበር፤ የእኔው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያያል። በኩራት አስረከብኩ። ማታውኑ ፓምፑ ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል፤ ሲነጋ ኮንታክተሩ ተቃጥሎ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ማብሪያ ሞገድ ባወዛወዘው ቁጥር ይነጥራል። ዘገምተኛው ማሽን ንጥረቱን አያየውም ነበር፤ የእኔው ፈጣን እያንዳንዷን ንጥረት እንደ ትእዛዝ ተቀበለ። የድሮውን ሰነድ ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፣ ስለዚህ አንድም ቃል የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፣ የጻፈው ሰው ራሱ ዝግታው ሥራ እንደሚሠራ አላወቀምና። እኔ አሥር መስመር ያህል ጨምሬ ፈጣኑን ማሽን እንዲታገስ አደረግኩት፤ ፓምፑም ተረጋጋ። ማስመሰል ነበር? አላውቅም፣ ውሃው ግን በሥርዓቱ ሄደ።

የልጄን ቃል ከአእምሮዬ ያላወጣሁት ግን በፓምፑ ምክንያት አይደለም። ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ራት ላይ ከአማርኛ በቀር አይነገርም። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። አማርኛ የተናገርኩት ሌላ የምናገረው ስላልነበረኝ ነው፣ የ8080ው ፕሮሰሰር አንድ በአንድ የሣለው ሌላ አቅም ስላልነበረው እንደሆነ ሁሉ። ልጄ ግን ሌላ ቋንቋ፣ ያውም ፈጣኑ ቋንቋ አለው። ራት ላይ ቃል ጠፍቶት ሲፈልግ፣ እኔም እንግሊዝኛውን እያወቅኩት እንዳላወቀ ሰው ስጠብቀው፣ ሁለታችንም የሆነ ሰው የጻፈውን ዝግታ እየተጫወትን ነው። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ማስመሰል ነዋ» ሲለኝ ስለ ጨዋታው ብቻ መናገሩ አልመሰለኝም።

ይህ ነገር በእኛ ጨዋታዎችም ላይ መምጣቱ አልቀረም። አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ፣ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ከዚያም «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ለንደን የተወለዱት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ባወጡት ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስበዋል፤ ጉድጓዱም ሕጉም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያነበበ ያውቃል። ስለ ሕጉ አልጨነቅም፣ ሕግ ተጽፎ ይቀመጣል። የምጨነቀው ስለ እጅ ነው። በስልክ በሚሠሩ የገበጣ ዓይነት ጨዋታዎች ጉድጓዱን ስትነካው ጠጠሩ ራሱ ይታደላል፤ ማሽኑ አይሳሳትም፣ ጊዜም አይወስድም። አጎቴ ገበጣ ሲያስተምረኝ ጉድጓድ ውስጥ ጣት ከትቶ መቁጠርን ይከለክል ነበር። በዓይን ገምት፣ አንሳ፣ አንድ በአንድ አድል፤ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ የምታውቀው ስትደርስ ነው። በዚያ መሐል አጎቴ ፊቴን ያነባል፣ እኔ የእሱን። ያ ዝግታ በየትኛውም ሕግ ውስጥ አልተጻፈም። ለስልክ የሚሠራ ሰው ካላየው በምን ያውቀዋል? ካየውስ እንዴት ይጽፈዋል? እኔ ብጠየቅ ጠጠሩን ተጫዋቹ በጣቱ አንድ በአንድ እየጎተተ እንዲያድል አደርግ ነበር፤ ገበያ ላይ እንደማይወደድ ግን ይገባኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር ፕሪምሮዝ ሂል አልወጣንም። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ነበር፣ ባለ አሥራ ሁለቱ፤ ሁለት ረድፍ በስድስት። ከጓዳ ሽምብራ አምጥቼ አራት አራት አደልኩና ሕጉን አስረዳሁት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር በልቡ የሚቆጥረው፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያስታውቃል። ሦስተኛው ዙር ላይ የጫነውን ጉድጓድ አነሳ፣ ዘጠኝ ይሁን አሥር ሽምብራ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ድምፁን አውጥቶ ማደል ጀመረ። ለምን በአማርኛ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የራት ሰዓትም አልነበረም። ስምንት ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋው። እኔ ዝም አልኩ። እጁ ላይ የቀረችውን ሽምብራ እያየ ቆየና የታደሉትን ሁሉ ለቅሞ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እንደገና መቁጠር ጀመረ።