«ሣጥኑ ባዶ ነበር»፦ በበይነ መረብ ጨረታ የባዶ እሽግ አቤቱታና የማስረጃው ችግር

በበይነ መረብ ጨረታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከሚቀርቡበት አቤቱታዎች መካከል ለመመርመር እጅግ አስቸጋሪው «እሽጉ ደርሶኛል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው» የሚለው ነው። ዕቃው ከነጭራሹ አልደረሰም ለሚል ገዢ የአጓጓዡ መዝገብ እሽጉ መቼና የት እንደ ደረሰ መልስ ይሰጣል። ተሰብሮ ደረሰ ለሚልም ስብርባሪው በእጅ ይዳሰሳል። ባዶነት ግን የራሱ ምልክት የለውም፤ ዕቃውን በመንገድ ላይ ሌባ ያውጣው፣ ገዢው በቤቱ ያውጣው፣ ወይም ሻጩ ከመጀመሪያው ሳያስገባው ይቅር፣ የባዶው ካርቶን ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኢቤይን አሠራር ምሳሌ በማድረግ፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብ ማስረጃ ከየት ሊገኝ እንደሚችል፣ ሻጩም ጉዳዩን እንዴት ቢይዘው ቅን ልቦና ያለውን ገዢ ሳይበድል ራሱን ሊከላከል እንደሚችል ለማስረዳት ይሞክራል። ብዙ ሻጮች አቤቱታውን ገና ሲሰሙት ማጭበርበር ነው ብለው ይደመድማሉ። ይሁንና እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚገባ ያልታሸገ ካርቶን ጫፉ ተከፍቶ ትንሽ ዕቃ ይወድቃል፤ እሽግ በሚለይበት ማዕከል ውስጥ ስርቆት ይፈጸማል፤ በአንድ ቀን ሠላሳ እሽግ የሚያዘጋጅ ሻጭም አንዱን ካርቶን ባዶውን ዘግቶ ሊልክ ይችላል። እውነተኛውም ሐሰተኛውም ገዢ የሚናገሩት ቃል በቃል አንድ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ባሳተመው ዝነኛ ጥናት፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ከገዢው የበለጠ ማወቁ ገበያውን እንዴት እንደሚጎዳ አሳይቷል። በርቀት ሽያጭ ግን ይህ የመረጃ አለመመጣጠን ዕቃው በደረሰበት ቅጽበት ይገለበጣል፤ ካርቶኑ ሲከፈት በስፍራው የነበረው ገዢው ብቻ ነውና። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ በተከታዩ ዓመት የእርስ በርስ ምዘና ሲጀምር፣ ገዢና ሻጭ አንዱ የሌላውን ጠባይ ለሚመጣው ሰው መዝግበው ይተዉ ነበር። ዳሩ ግን መጥፎ ምዘና የደረሳቸው ሻጮች በአጸፋው ገዢውን መጥፎ እያሉ ስላስፈራሩ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጮች ለገዢ አሉታዊ ምዘና መስጠታቸውን አስቀረ። ለውሳኔው በቂ ምክንያት ነበረ። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን ደጋግሞ «ባዶ ነው» የሚልን ገዢ ታሪክ መድረኩ እንጂ ቀጣዩ ሻጭ ሊያየው አለመቻሉ ነው። ሻጩ በገዢው ላይ ያለውን ጥርጣሬ ለመድረኩ ማሳወቁ የራሱን ገንዘብ ባይመልስለትም ከንቱ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በዩናይትድ ስቴትስ ወጥ የንግድ ሕግ አንቀጽ 2-509 መሠረት፣ ሻጩ ዕቃውን በተወሰነ ስፍራ ለማስረከብ ካልተዋዋለ በቀር፣ የመጥፋቱ ኃላፊነት ዕቃው ለአጓጓዡ ሲሰጥ ወደ ገዢው ይተላለፋል። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 447 ለግለሰቦች ሽያጭ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ነጋዴ ለሸማች ሲሸጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ኃላፊነቱን ዕቃው በሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ በነጋዴው ላይ ያቆየዋል፤ የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትናም በተግባር ወደዚሁ ያዘነብላል። ሆኖም ኃላፊነቱን ቀድመው ወደ ገዢው የሚያሸጋግሩት ድንጋጌዎች ዕቃው በእርግጥ ለአጓጓዡ ተሰጥቷል ብለው ይነሣሉ። የባዶ እሽግ አቤቱታ የሚያናጋው ይህንኑ መነሻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከሕግ ወደ ፍሬ ነገር፣ ከፍሬ ነገርም ወደ ሚዛን ይወርዳል።

ክብደት በዚህ ጉዳይ ከምስክሮች ሁሉ የተሻለው ነው፤ የሚናገረው ግን ማን እንደመዘነው ከታወቀ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ከግማሽ የሚመዝን የካሜራ ሌንስ ሁለት መቶ ግራም በሆነ ካርቶን ታሽጎ ተላከ እንበል። ሻጩ በቤቱ ባተመው የአድራሻ ወረቀት ላይ 1.7 ኪሎ ተብሎ ቢጻፍ ይህ የሻጩ የራሱ ቃል እንጂ ሌላ አይደለም። በፖስታ ቤት መስኮት የሠራተኛው ሚዛን ያወጣው ደረሰኝ ግን በጉዳዩ ጥቅም የሌለው የሦስተኛ ወገን ምስክርነት ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የፖስታ አገልግሎት ከዚህም አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ክፍያቸው አስቀድሞ የተፈጸመ እሽጎችን ክብደትና መጠን በመለያ መሣሪያዎቹ ላይ በራሱ ይመረምራል። ዓላማው ያነሰ የከፈሉ ላኪዎችን መያዝ ነው፤ ሌባን ወይም ሐሰተኛን ለመያዝ አልታሰበም። እንዲያም ሆኖ በጉዞ መካከል የተወሰደ ልኬት ሲገኝ ሦስቱን መላምቶች ይለያያል። እሽጉ ገና ሲገባ ሁለት መቶ ግራም ከነበረ ስሕተቱ የሻጩ ነው። ሲገባ 1.7 ኪሎ፣ በኋላ ሁለት መቶ ግራም ከሆነ ዕቃው በመንገድ ወጥቷል። እስከ መጨረሻው መለያ ማዕከል ድረስ 1.7 ኪሎ ከነበረ የሚቀሩት የመጨረሻው መንገድ፣ የገዢው ደጃፍና ገዢው ራሱ ናቸው፤ እዚህ ላይ ሚዛኑ ዝም ይላል። ድንጋይም 1.5 ኪሎ ሊመዝን ይችላልና ክብደት የዕቃውን ማንነት አያረጋግጥም፤ «ባዶ ነበር» የሚለውን ቃል ግን ሊያስተባብል ይችላል።

ሻጮች የሚመኩበት ሲታሸግ የተቀረጸ ቪዲዮ ከዚህ ያነሰ ኃይል አለው፤ የታሸገ ካርቶን ካሜራው ከጠፋ በኋላ ሊከፈት ይችላል። ጠቃሚ የሚሆነው ከገዢው ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸር ነው። ሻጩ ማሸጊያ ፕላስተሩ ከካርቶኑ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ቢፈርምና ያን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ፊርማው የተቆረጠ ወይም በሌላ ፕላስተር የተሸፈነ ሆኖ ሲገኝ እሽጉ በመንገድ መነካቱን ያመለክታል። ኢቤይ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሽያጭ የሚጠይቀው የተቀባይ ፊርማም የሚያረጋግጠው ካርቶኑን ነው፤ ውስጡን አይደለም።

አቤቱታው ሲደርስ ሻጩ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካለዚያ ገዢው መድረኩ ጣልቃ እንዲገባ ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያው መልስ አጭርና ትሑት፣ ነገር ግን ማስረጃን የሚያስጠብቅ ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ፦ «ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ስለ ደረሰዎ አዝናለሁ። ለአጓጓዡ ለማመልከት እንዲያስችለኝ እባክዎ ካርቶኑንና የውስጥ ማሸጊያውን ሳይጥሉ ያቆዩልኝ፤ የስድስቱን ገጽ፣ የፕላስተሩንና የአድራሻ ወረቀቱን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ።» ይህ ቃል ለእውነተኛው ገዢ እርዳታ ነው፤ ለሐሰተኛውም ክስ አይደለም። መልእክቱ በመድረኩ የመልእክት ሣጥን በኩል ቢላክ ይመረጣል፤ በኋላ ጉዳዩን የሚመለከተው ሰው የሚያነበው ይህንኑ ነውና። ካርቶኑን ጥያለሁ የሚል ገዢ ሐሰተኛ ነው ብሎ መደምደም ግን በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ስሕተት ነው፤ ባዶ ካርቶን የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ለአጓጓዡ የሚቀርበው የካሳ ማመልከቻ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የፖስታ አገልግሎት ይዘቱ ለጎደለ መድን ላለው እሽግ ማመልከቻው ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ካርቶኑም እንዲጠበቅ ያዝዛል። ስርቆት ከተጠረጠረ ጉዳዩ ለፖስታ መርማሪዎች ይነገራል። በፖስታ የሚፈጸም ማጭበርበርን የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ መነሻው እ.ኤ.አ. 1872 ሲሆን ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት እስራት ይደርሳል። አንዳንድ ሻጮች ይህን ለገዢው እንደ ማስፈራሪያ ይጽፉለታል። «ለመርማሪዎች አመልክቻለሁ፤ ሊያነጋግሩዎ ይችላሉ» ብሎ የተደረገውን ብቻ መናገር ይበቃል፤ ያልተደረገውን አድርጌያለሁ ማለት ግን ሻጩን ራሱን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ገዢው «ከመግለጫው ጋር አይገናኝም» በሚለው መንገድ ካመለከተና መድረኩ ዕቃው እንዲመለስ ካዘዘ፣ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ አሁን ባዶ ሣጥን የሚደርሰው ሻጩ ነው፣ የመከታተያ ቁጥሩም እሽጉ ደርሷል ይላል። እንዲህ ያለ ተመላሽ የሚጠብቅ ሻጭ እሽጉን በቤቱ ደጃፍ ከመቀበል ይልቅ ከፖስታ ቤት ራሱ ቢወስድ፣ ከመክፈቱም በፊት በዚያው በሠራተኛው ሚዛን ላይ እንዲመዘንለት ቢጠይቅ፣ ቀድሞ በላከበት ደረሰኝ ላይ ካለው ክብደት ጋር የሚያነጻጽረው ሁለተኛ ቁጥር ይኖረዋል።